ከአረንጓዴው ዝገት በታች ያለው ንጉሥ

በአክሱም ከተማ ወድቆ ተሰባብሮ የሚታየው ታላቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ክብደቱም ከ500 ቶን ይበልጣል። መቼ እንደወደቀ የሚናገር ጽሑፍ የለም። ፍንጩን የሰጡት ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጡ የመዳብ ሳንቲሞች ናቸው። በቁፋሮ ከሐውልቱ ሥር የተገኙት እነዚህ ሳንቲሞች በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ የነገሠው የኦዋዜባስ ናቸው። የአክሱምን ሳንቲሞች ለረጅም ዓመታት ያጠናው ስቱዋርት መንሮ-ሄይ በእነሱ ተመርኩዞ ሐውልቱ በዚያው ንጉሥ ዘመን ሳይወድቅ እንዳልቀረ፣ ምናልባትም ከተተከሉት ሁሉ የመጨረሻው እንደነበር ገምቷል።

አንድ መንገደኛ ቀድሞ አግኝቷቸው፣ በሎሚና በአመድ ፈትጎ እንደ አዲስ ቢያብለጨልጫቸው ኖሮ ከየት እንደወጡ የሚያውቅ አይኖርም ነበር። የማን እንደሆኑም ለመለየት ያስቸግር ነበር።

በአክሱምና በአካባቢው የድሮ ሳንቲም ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። ክረምቱ አፈሩን አጥቦ ሲያልፍ፣ ገበሬ እርሻውን ሲገለብጥ፣ ግንበኛ መሠረት ሲቆፍር ብቅ ይላል። በሌሎች አገሮች ደግሞ ከመሬት በታች ያለን ብረታ ብረት በድምፅ የሚጠቁም መፈለጊያ ማሽን ይዘው ማሳ ለማሳ የሚዞሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሳንቲሙ በምንም መንገድ ይውጣ፣ ያገኘው ሰው የመጀመሪያ ፍላጎት አንድ ነው፤ ማጽዳት። ባለሙያዎች ግን ማጽዳቱን መጨረሻ ላይ ያደርጉታል፤ ብዙ ጊዜም ጨርሶ ይተዉታል።

መጀመሪያ መለየት

አክሱም ሳንቲም ማስመታት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ270 ገደማ፣ በንጉሥ ኢንዱቢስ ዘመን ነው። ኢንዱቢስ ያወጣው የወርቅና የብር ሳንቲም ነበር፤ መዳቡ የመጣው በተከታዩ በአፊላስ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ከ20 የማያንሱ ነገሥታት ስማቸውን በሳንቲም ላይ አስቀርጸዋል። ከእነዚህ መካከል እንደ ኢዛናና እንደ ካሌብ ያሉት ከድንጋይ ጽሑፍና ከታሪክ መጻሕፍት ይታወቃሉ። ኦዋዜባስን ጨምሮ ብዙዎቹ ግን ከሳንቲማቸው በቀር ምንም አልተወላቸውም። የአንዱ ሳንቲም ፊደል ተፍቆ ጠፋ ማለት የአንድ ንጉሥ ማስረጃ ቀነሰ ማለት ነው።

ስለዚህ ሳንቲሙ ከአፈሩ እንደወጣ የሚቀድመው ሥራ ሁለቱንም ገጹን ፎቶ ማንሳት ነው። መብራቱ ከላይ ቀጥ ብሎ ከሚወርድበት ይልቅ ከጎን፣ ዝቅ ብሎ ቢያርፍበት ይመረጣል። የእጅ ባትሪ ጠረጴዛው ላይ ጋደም ተደርጎ ሲበራ የተሸረሸረው ፊደልና የመስቀሉ ጠርዝ ጥላ ይጥላሉ፤ በቀን ብርሃን ያልታየው ጽሑፍም ይነበባል። ቀጥሎ ዲያሜትሩ በካሊፐር ይለካል፤ ክብደቱም ወርቅ ቤቶች በሚጠቀሙበት ዓይነት ሚዛን ይመዘናል። ብዙው የአክሱም መዳብ 15 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስፋት ያለውና ከ2 ግራም የማይዘል ነው።

ከዚያ ጥያቄዎቹ ተራ በተራ ይመጣሉ። በንጉሡ ምስል አናት ላይ ያለው ምልክት ምንድን ነው? ግማሽ ጨረቃና ክብ ከሆነ ሳንቲሙ ከክርስትና በፊት የተመታ ነው። ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል ጨረቃው ወርዶ መስቀል ተተካ። ይህ ለውጥ በአንድ ንጉሥ ዘመን፣ በሳንቲሞቹ ገጽ ላይ በዓይን የሚታይ ነው።

ንጉሡ ራሱ ላይ ያደረገውስ ምንድን ነው? አንዳንዱ ራሱን በጨርቅ ሸፍኖ ከማጅራቱ ላይ በጥብጣብ አስሯል፤ ሌላው ዘውድ ደፍቷል። በሳንቲም ጥናት ውስጥ ይህች ትንሽ ልዩነት የዘመንና የሳንቲም ዓይነት መለያ ናት።

ጽሑፉስ በየትኛው ቋንቋ ነው? የቀደሙት መዳቦች ብዙዎቹ በግሪክ ፊደል የተጻፉ ናቸው። በብዛት ከሚገኙት አንዱ የንጉሥ ስም የሌለበት ነው። በአንድ ወገን «ባሲሌውስ»፣ ማለትም «ንጉሥ»፣ ይላል። በሌላው ወገን መስቀልና ዙሪያውን «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው የግሪክኛ ጽሑፍ አለ። ሕዝብ በየገበያው የሚቀባበለው ገንዘብ ላይ ለሕዝቡ የተጻፈ ምኞት ነው።

የኋለኞቹ መዳቦች ግን በግዕዝ ናቸው፤ እዚህ ላይ የኢትዮጵያ አንባቢ ከማንም ይልቅ ዕድለኛ ነው። ፊደሎቹ ሁሉ በመጀመሪያው ቤት ናቸው፤ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ የለም። በንጉሥ አርማሕ ሳንቲም ላይ «ፈሠሐ ለየከነ ለአሐዘበ» የሚለውን ያየ አንባቢ አናባቢውን ሲያስገባበት «ፍሥሓ ለይኩን ለአሕዛብ» ሆኖ ያገኘዋል፤ ለሕዝቦች ደስታ ይሁን። አርማሕ ራሱ ደግሞ እንደ ቀደሙት ከትከሻው በላይ ብቻ አልተቀረጸም፤ በዙፋን ላይ ተቀምጦ፣ ረጅም የመስቀል በትር ይዞ ይታያል። ይህን ያየ ሰው ጽሑፉ ቢጠፋበት እንኳ ንጉሡን አይስተውም።

ሁሉም አረንጓዴ ሳንቲም ግን ከአክሱም አይደለም። በ1889 ዓ.ም. የተመቱት የዳግማዊ ምኒልክ የብር መቶኛ መዳቦች ዓመታቸውን በግዕዝ ቁጥር ይዘዋል፤ በአንድ ወገን ዘውድ የደፋው ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው አንበሳ አለ። ከሁሉም ይልቅ በየጓሮው የሚገኙት ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ናቸው። እነዚህ 1936 ዓ.ም. የሚል ቀን አላቸው፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲመቱም ያው ቀን አልተለወጠም። ባለ 25 ሳንቲሙ መጀመሪያ ክብ መዳብ ነበር። ሰዎች ብር እየቀቡ እንደ 50 ሳንቲም ስላስተላለፉት በኋላ ጠርዙ ሞገድ የመሰለ ሆኖ ተሠራ። ስለዚህ ጠርዙ ለስላሳ የሆነ 25 ሳንቲም ላይ የብር ቅሪት ቢታይ ቆሻሻ ነው ተብሎ መፋቅ የለበትም። ያ ቅሪት በዘመኑ የነበረ የማጭበርበር ሥራ ማስረጃ ነው።

መዳቡ ላይ ያለው ወርቅ

የአክሱም ሳንቲም ቤት ሠራተኞች በጥንቱ ዓለም ሌላ ቦታ የማይታይ ሥራ ነበራቸው። በመዳብና በብር ሳንቲሞች ላይ ከተመረጠ ቦታ ስስ ወርቅ ይለብጡ ነበር። በኦዋዜባስ መዳብ ላይ ወርቁ ከንጉሡ ራስ ጀርባ ስለሚያርፍ ፊቱ በብርሃን የተከበበ ይመስላል። ስሙ በሳንቲሙ ላይ «መሐደየሰ» ተብሎ በተነባቢ ብቻ የተጻፈው ሌላ ንጉሥ ደግሞ ወርቁን ለመስቀሉ ሰጠው። በዙሪያው ያለው የግዕዝ ጽሑፍ «በዝ መስቀል ትመውእ» የሚል ነው፤ በዚህ መስቀል ድል ታደርጋለህ። የሮማው ቈስጠንጢኖስ በሰማይ አየው የሚባለው ቃል በግዕዝ ፊደል በአንዲት ትንሽ መዳብ ላይ ሰፍሯል።

እያንዳንዱን ትንሽ መዳብ በእጅ መለበጥ ድካም ነው፤ የሳንቲሙ ዋጋ ያን ያህል ድካም የሚመልስ አልነበረም። ነገሥታቱ ግን አድርገውታል። ያ ወርቅ ዛሬ በጣም ስስ ነው። ሥሩ ያለው መዳብ ሲዝግ ከፍ ከፍ ስለሚል ወርቁ በአረንጓዴው መካከል እንደ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አንዴ የታሸ ሳንቲም ላይ ግን ያም አይተርፍም። በዓይን የማይታይ ወርቅ ከዝገቱ በታች ሊኖር ስለሚችል የአክሱምን መዳብ በጉልበት ማጽዳት ከሌላው የመዳብ ሳንቲም ሁሉ ይልቅ አደገኛ ነው።

አረንጓዴው ምን እንደሆነ

መዳብ አፈር ውስጥ ሲቆይ ከኦክስጅን፣ ከእርጥበትና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እየተዋሐደ ራሱን በንብርብር ይሸፍናል። ከብረቱ ጋር የሚገናኘው ንብርብር ብዙ ጊዜ ቀይ ነው፤ ኩፕራይት ይባላል። ከላዩ ያለው አረንጓዴው ማላካይት ነው። ይህ ሽፋን ጠንካራና እኩል ከሆነ ፓቲና ይባላል፤ ሥሩ ያለውንም ብረት ከተጨማሪ ዝገት ይጠብቃል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ አለ። ንጉሡ የተመታበት የመጀመሪያው ገጽ ብዙ ጊዜ ያለው በብረቱ ላይ አይደለም፤ በዝገቱ ንብርብር ውስጥ ነው። ብረቱ ወደ ዝገት ሲለወጥ የፊደሉንና የምስሉን ቅርጽ ዝገቱ ይዞ ያስቀረዋል። አረንጓዴው በአሲድ ሲሟሟ ፊደሉም አብሮ ይሄዳል፤ የሚቀረው ብጉር የመሰለ፣ ቀይ፣ ባዶ መዳብ ነው። ሎሚ፣ አቼቶና ኮካ ኮላ ሁሉም አሲድ ናቸው። የመዳብ ሰርቪስ ለማሳመር ትውልድ የተጠቀመበት ሎሚና አመድ ለሳንቲም የማይሆነው ለዚህ ነው። በኤሌክትሪክ ማጽዳትም ውጤቱ ያው ነው፤ ሁሉንም ንብርብር ገፍፎ ይጥላል።

አንዴ የተገፈፈ ፓቲና ተመልሶ አይመጣም። በኬሚካል ቀለም አስመስሎ መቀባት ይቻላል፤ የጠፋውን ፊደል ግን አይመልስም።

በጥንቃቄ የሚደረገው ጥቂት ነገር

የቅርስ ጥገና ባለሙያ ሳንቲም ፊት ሲቀመጥ ከሁሉ በፊት የሚያነሳው አጉሊ መነጽር ነው። ሥራው አብዛኛው ደረቅ ነው። ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ያነሳል፤ የተሳለ የቀርከሃ ስንጥር ወይም ስቴኪኒ የተጣበቀውን አፈር በጥቂት በጥቂቱ ይፈነቅላል። በብዙ አገር የጥገና ክፍሎች ውስጥ የጃርት ወስፌም ይሠራበታል፤ አፈሩን ለማንሳት የሚበቃ ጥንካሬ አለው፣ መዳቡን ለመቧጨር ግን ይለሰልሳል። ብረት የሆነ መርፌና ምላጭ በለመደ እጅና በማይክሮስኮፕ ሥር ካልሆነ አይነካም።

ውሃ ካስፈለገ ማዕድን የሌለበት ዲስቲልድ ውሃ ይመረጣል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ለመዳብ ጠላቱ ነው። ሳንቲሙ ለጥቂት ጊዜ ተነክሮ አፈሩ ሲለሰልስ በብሩሽ ይነሳል፤ ከዚያ በደንብ ይደርቃል። የወይራ ዘይት ውስጥ ለወራት ማስቀመጥ በሰብሳቢዎች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ ዘይቱ አፈሩን ያለሰልሳል። ነገር ግን በውስጡ ያለው አሲድ ቀስ እያለ መዳቡንም ስለሚበላ የሙዚየም ባለሙያዎች አይመክሩትም።

መቼ ማቆም እንደሚገባ ማወቅ ከሁሉ ይከብዳል። ንጉሡ ታወቀ፣ ጽሑፉ ተነበበ፣ መስቀሉ ተለየ ማለት ሥራው አለቀ ማለት ነው። በፊደሎቹ መካከል የቀረው ቡናማ አፈር ንባቡን እንዲያውም ያቀልላል፤ ፊደሉን ከጀርባው ይለየዋል።

የነሐስ በሽታ

አንድ አረንጓዴ ግን ችላ አይባልም። ፈዛዛ፣ ዱቄት የመሰለ፣ በስቴኪኒ ጫፍ ሲነካ የሚራገፍ ነቁጥ በሳንቲሙ ላይ ከታየ ባለሙያዎች «የነሐስ በሽታ» የሚሉት ደርሷል። መነሻው ክሎራይድ ነው፤ ከአፈር ጨው ወይም ከሰው እጅ ላብ ይመጣል። ከዝገቱ በታች ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የሚቀመጠው የመዳብ ክሎራይድ እርጥበትና አየር ሲያገኝ ወደ ዱቄትነት ይለወጣል፤ በዚያውም አሲድ ይፈጥራል። አሲዱ አዲስ መዳብ ይበላል፤ ከዚያም አዲስ ክሎራይድ ይፈጠራል። ይህ ዑደት ካልተቋረጠ ለ1,600 ዓመት አፈር ውስጥ የቆየ ሳንቲም መሳቢያ ውስጥ ሆኖ በጥቂት ዓመታት ወደ አረንጓዴ ዱቄት ሊለወጥ ይችላል።

ላገኘው ሰው መከላከያው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ሳንቲሙን በባዶ እጅ በገጹ ላይ አለመንካት ነው፤ በጓንት ወይም በጠርዙ ብቻ ይያዛል። ሁለተኛው ማድረቅ ነው። በአዲስ ጫማ ሣጥን ውስጥ የሚገኘው የሲሊካ ጄል ከረጢት በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ከሳንቲሙ ጋር ሲቀመጥ እርጥበቱን ይመጥጣል። የአየሩ እርጥበት ከ40 በመቶ በታች ከሆነ በሽታው በአብዛኛው ይቆማል፤ በክረምት ወራት ያለ ሲሊካ ጄል ወደዚያ መድረስ አስቸጋሪ ነው። የቪኒል ፕላስቲክ ከረጢት ግን መወገድ አለበት፤ እያረጀ ሲሄድ ራሱ መዳብን የሚጎዳ ነገር ያወጣል። በሽታው ከጠና ሕክምናው ቤንዞትራያዞል የሚባል ኬሚካል ነው፤ ለሰው ጤና ጎጂ ስለሆነ በቤተ ሙከራ ውስጥ ለሠለጠነ ባለሙያ የሚተው ነው።

የተገኘበት ቦታ

እ.ኤ.አ. በ2010 በእንግሊዝ አገር ሶመርሴት ውስጥ፣ ፍሩም አጠገብ፣ መፈለጊያ ማሽን የያዘ ሰው የሮማ ሳንቲሞች የተሞላ ትልቅ እንስራ አገኘ። ጥቂቶቹን ካወጣ በኋላ ሳይቀጥል ጉድጓዱን መልሶ ደፍኖ ባለሙያ ጠራ። አርኪዎሎጂስቶቹ እንስራውን በንብርብር ንብርብር አወጡት፤ በውስጡ የነበሩት 52,503 ሳንቲሞች፣ ብዙዎቹም ተራ ነሐስ ሆነው ተገኙ። በንብርብር ስለወጡ የመጨረሻው ዘመን ሳንቲሞች ከላይ ሳይሆን ወደ ታች አካባቢ በብዛት እንዳሉ ታየ። ስለዚህ እንስራው ለዓመታት ቀስ በቀስ የተሞላ ቁጠባ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የተቀበረ ነው ተባለ። የሶመርሴት ሙዚየም ሳንቲሞቹን በ320,250 ፓውንድ ገዛቸው፤ ገንዘቡም ለአግኚውና ለመሬቱ ባለቤት ተከፈለ።

ይህ ሊሆን የቻለው አገሪቱ ለዚህ ሕግ ስላላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ በአንድ ቦታ አብረው የተገኙ 10 እና ከዚያ በላይ የቆዩ የመዳብ ወይም የነሐስ ሳንቲሞች ለባለሥልጣን እንዲነገሩ ያዛል። እስራኤል ውስጥ ደግሞ፣ የአክሱም መዳብ ኢየሩሳሌም ድረስ ተጉዞ በተገኘበት አገር፣ እ.ኤ.አ. የ1978ቱ የጥንታዊ ቅርስ ሕግ ያለ ፈቃድ በማሽን ቅርስ መፈለግን ይከለክላል።

የኢትዮጵያም ሕግ ግልጽ ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ እንዳያካሂድ ይደነግጋል። ስለዚህ ማሽን ይዞ በአክሱም ማሳዎች መዞር ለግለሰብ አይፈቀድም። በእርሻ፣ በግንባታ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ደግሞ ወዲያውኑ ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳይጎዳ መጠበቅ አለበት። አዋጁ አግኚውን ባዶ እጁን አይሸኘውም፤ በአጋጣሚ ያገኘውን ቅርስ ላስረከበ ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው፣ ያወጣው ወጪም ካለ እንዲተካለት ይደነግጋል። ዛሬ ይህን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው፤ በየወረዳው ያለ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም መንገዱን ያሳያል።

ለማስረከብ ሲቀርብ ከሳንቲሙ ጋር አንድ ወረቀት ቢኖር ሥራውን በብዙ ያግዛል። የቀበሌውና የቦታው መጠሪያ፣ የተገኘበት ቀን፣ ጥልቀቱ፣ አብሮ የተገኘ የሸክላ ስባሪ ወይም አመድ ካለ እሱም ይጻፍበታል። ከተቻለ ስልክ የሚሰጠው የቦታ መጠቆሚያ ቁጥር ይጨመርበታል። ከቦታው ሳይነሳ የተነሳ ፎቶ ካለም አብሮ ይቀመጣል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ገና ያልተፈታ ጥያቄ ስላለ ነው። ከካሌብ በኋላ የነገሡት የአክሱም ነገሥታት ቅደም ተከተል እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሳንቲም በማስመታት የመጨረሻው አርማሕ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ እንደ ገርሴምና እንደ ሐታዝ ያሉት ከእሱ በኋላ መጥተዋል የሚሉም አሉ። ክርክሩን ወደ አንድ ወገን ሊያዘነብል የሚችለው አንድ ባልተነካ ንብርብር ውስጥ አብረው የተገኙ፣ ጽሑፋቸው ያልተፋቀ የሁለት ነገሥታት መዳቦች ናቸው።